አንድ ኢሜይል ለሁለት ሰው

እኔ ዘመናይ ቀናተኛ ነኝ። ሌላው ሴት እየደበቀች ትቀናለች፤ እኔ አደባባይ ላይ ነው የምቀናው። ካርቱም ውስጥ ሳጃና ሰፈር ወርዳችሁ ሹሩባ የምትሠራዋ ዘመናይ የታለች ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ስለ እጄ ሙያ ከመንገራቸው በፊት ስለ ቅናቴ ይነግሯችኋል። ይንገሩ! ባል ያላት ሴት ትቀናለች። የማትቀና ካለች ወይ ባሏን አትወደውም፣ ወይ ባሏ የሚያስቀና አይደለም። የእኔው ዘርይሁን ደግሞ አይጣል ነው፤ ሲስቅ ጉንጩ ይሰረጉዳል፣ ወጥ ይሠራል፣ ላገኛት ሴት ሁሉ “እሺ እመቤቴ” ማለት ይወዳል። ይህን ሁሉ ይዞ አል-ጣኢፍ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ ሲት ነዋል፣ ማለት እመቤት ነዋል፣ የምትባል ሱዳናዊት ቤት በወጥ ቤትነት ተቀጥሮ ሳምንቱን እዚያው ያድራል። እኔ ጋ የሚመጣው ሐሙስ ማታ ነው። ጁምዓን ውሎ ቅዳሜ በጠዋት ይሄዳል። ታዲያ አልቀና?

ስልኮቻችንን የገዛነው በአንድ ቀን፣ ሱቅ ዐረቢ፣ ከአንድ ነጋዴ ነው። ሰውዬው ስልኮቹን ሊያስጀምርልን ሲል “ኢሜይል አላችሁ?” አለን። የለንም። “ለእያንዳንዳችሁ ልክፈት?” ሲል እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። እኛ እኮ በተክሊል የተጋባን ሰዎች ነን። ቄሱ “ከእንግዲህ አንድ አካል ናችሁ” ብለው ያጋቡንን፣ ይሄ ነጋዴ በኢሜይል ሊለያየን? “አንድ ይበቃናል” አልኩት። ዘርይሁን ስቆ “እሷ እንዳለችው ይሁን” አለ። ነጋዴውም “ያላ” ብሎ ሁለቱንም ስልክ በአንድ ኢሜይል ከፈተልን። ሐፍላ ተሳፍረን ወደ ቤት ስንመለስ በራሴ ኮርቼ ነበር።

ነገሩ የመጣው በበቀለች ራስ ላይ ነው። በቀለች ጎረቤቴ ናት፤ ለእህቷ ልጅ ክርስትና ልታጌጥ መጥታ ራሷን እስከ መሐል ጎንጉኜላታለሁ። “የፊቱን አዲስ ዓይነት አድርጊልኝ፤ እስቲ ፎቶ አሳዪኝ” አለችኝ። ስልኬን አንስቼ “የሹሩባ ዓይነቶች” ብዬ ልጠይቅ ገና “የ” ስል፣ ከሥሩ ትንሽ የሰዓት ምልክት ያለበት ጽሑፍ ተደረደረ። የሰዓት ምልክት ያለበት ማለት ከዚህ ቀደም የተጠየቀ ማለት ነው፤ እሱን እንኳ አውቃለሁ። አንደኛው “የወር አበባ ቢቀር” ይላል። ሁለተኛው “የእርግዝና ምልክቶች” ይላል።

እኔ አልጠየቅኩም። የእኔማ መች ቀርቶ ያውቃል! ከተጋባን ጀምሮ አንዲት ወር እንኳ ተሳስቶ ቀርቶ ደስ አሰኝቶኝ አያውቅም። ጠበል ብዬ ሐኪም ብዬ ደክሞኛል፤ ይኸው እኔና ዘርይሁን ሁለት ብቻችንን ነን። ታዲያ ማነው የጠየቀው? ያን ኢሜይል የያዘ ሌላ ስልክ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

“ምነው ቆምሽ?” አለች በቀለች።

“ኸላስ፣ ተነሺ።”

“እንዴ! ግማሽ ራሴን ይዤ?”

“ሻሽ ጣል አድርጊበት። ሌላ ቀን እጨርስልሻለሁ።”

“አንቺ ሴት አብደሻል እንዴ?”

“አዎ፣ አብጃለሁ!” ብያት ማበጠሪያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ።

የሄድኩት ዮሳቤጥ ጋ ነው። ዮሳቤጥ ማዕዘኑ ላይ ስልክ ትጠግናለች፣ የስልክ ካርድም ትሸጣለች። ስልኬን ተቀብላ የማላውቀውን ማስተካከያ ከፍታ ወደ ላይ ወደ ታች ስትለው ቆየችና፣ “እትዬ ዘመናይ፣ ይሄ ካንቺ ስልክ የተጠየቀ አይደለም። ሁለት ስልክ በአንድ ኢሜይል ነው ያላችሁት። አንዱ ላይ የተከፈተው ሌላው ላይ ይታያል” አለችኝ።

“ስለዚህ የሱ ነው።”

“ከሱ ስልክ የመጣ ነው።”

“ያው ነው!”

“ይሄ ነገር ቢዘጋ ይሻላል። እዚህ ጋ ካጠፋሁት እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ብቻ ነው የምታዩት። የሱ ወዳንቺ እንደሚመጣ ሁሉ ያንቺም ወደሱ ይሄዳል እኮ።”

“ምን ቆርጦሽ ነው የምትዘጊው! እንዲያውም የተዘጋ ካለ ክፈቺልኝ። ስልኩ የት እንዳለ የሚታይበት አለ አይደል? እሱንም ክፈቺው።”

“እትዬ፣ ይሄ ጥሩ አይደለም።”

“ባሌ ነው! ክፈቺ ካልኩሽ ክፈቺ።”

ዮሳቤጥ አጉረመረመችና ከፈተችው። ካርታው ላይ ሰማያዊ ነጥብ ብቅ አለች፤ አል-ጣኢፍ፣ ሲት ነዋል ቤት። “ይኸው ሥራ ቦታው ነው ያለው” አለችኝ፣ ታረጋጋኝ መስሏት። “ሥራ ቦታው ነዋ! ነገሩም ያለው እዚያው ነው” አልኳት። እዚያ ቤት ናርዶስ አለቻ!

ናርዶስን አይቻት አላውቅም። በመተማ በኩል አድርጋ በቅርቡ የመጣች የወሎ ልጅ ናት፤ ሲት ነዋል ቤት ለጽዳት ተቀጥራ ነው። ዘርይሁን ባለፈው ጁምዓ ቁጭ ብሎ ሲያወራልኝ “ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ሙሎኽያ በአንድ ቀን ለመደች” አለኝ። እኔ ያን ቅጠል ከትፌ፣ ነጭ ሽንኩርት አቁላልቼ ሙሎኽያ ስሠራለት “ውኃ በዛበት” ነው የሚለኝ። ደግሞ ቀጠለና “ሲት ነዋል ስልኳን ይዛባት እናቷን የምታገኝበት እንኳ የላትም፤ ታሳዝነኛለች” አለ። ታሳዝነኛለች! ወንድ ልጅ ሌላ ሴት አሳዘነችኝ ካለ ምን ቀረው? እኔ ስታመም “ውኃ ጠጪበት” ብሎኝ የሚዞር ሰው!

ከዚያ በኋላ ሥራ መሥራት አቃተኝ። የሰው ራስ ይዤ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነው። በየቀኑ አዲስ ነገር ይመጣል። አንድ ቀን “ያላገባች ሴት ካርቱም ውስጥ ብትወልድ ምን ይደረጋል” ይላል። ሌላ ቀን “ባል የሌላት እርጉዝ ሐኪም ቤት ብትሄድ ፖሊስ ይጠራል ወይ” ይላል። አያችሁ፣ ለሷ እየተጨነቀላት ነው አልኩ። ምን እንዳንገበገበኝ ልንገራችሁ? ማርገዟ ብቻ አይደለም። ጭንቀቱ ነው ያንገበገበኝ። ስንት ጊዜ ማህፀኔን ይዤ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስንከራተት፣ ይሄ ሰው አንድ ቀን ስልኩን ከፍቶ “ሚስቴ ለምን አልወለደችም” ብሎ ጠይቆልኝ አያውቅም። “እግዜር ያውቃል” ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ለሷ ሲሆን እንቅልፍ የለውም!

እኔም ዝም አላልኩም፣ ጠየቅኩ። “ባል ከሠራተኛ ጋር ሲማግጥ ምን ይደረጋል” አልኩ። “እርጉዝ ነኝ ብላ ባል የቀማች ሴት” አልኩ። “ሠራተኛ ከማዳም ቤት የምትባረርበት መንገድ” አልኩ። የሚረባ መልስ አላገኘሁም፤ ግን ስጽፈው ትንሽ ቀለል ይለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ደወልኩለት።

“ዘሙ፣ ነገ አልመጣም” አለኝ ገና ሳልናገር። “ሲት ነዋል ዐዙማ አለባት፣ ትልቅ ድግስ ነው። ሰው ሁሉ ተጠርቷል።”

“ናርዶስስ?”

“ናርዶስ ምን?”

“ደኅና ናት ወይ ብዬ ነዋ!”

“እሷ እንኳ ሰሞኑን ምግብ አልስማማ ብሏታል፣ ያስመልሳታል። ቆይ፣ ዘይቱ ጋለብኝ፣ ማሌሽ” ብሎ ዘጋው።

ያስመልሳታል አለኝ! በገዛ አፉ፣ ለገዛ ሚስቱ! እሳት ለበስኩ። ቤት ውስጥ ቁጭ ብድግ ስል፣ ከራሴ ጋር ስጣላ፣ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ዘርይሁን የሲት ነዋልን ቁጥር ለክፉ ቀን ብሎ ሰጥቶኝ ነበር፤ ክፉ ቀን ማለት ዛሬ ካልሆነ መቼ ነው ብዬ ደወልኩ። ዐረቢኛዬ የገበያ ነው፤ ስናደድ ግን ይቀናኛል።

“ያ ሲት፣ ቤትሽ ውስጥ የሚሠራውን ታውቂያለሽ?” አልኳት። “ሐበሻዋ ልጅሽ አርግዛለች! ከማን እንደሆነ ደግሞ ወጥ ቤትሽን ጠይቂው። ድግስ ትደግሻለሽ አንቺ፣ ጓዳሽ ውስጥ ሌላ ድግስ አለልሽ!”

“መን ኢንቲ?” አለችኝ። ማን ነሽ ማለቷ ነው። አልነገርኳትም፣ ዘጋሁት።

ደስ አለኝ። ልዋሻችሁ እንዴ? ደስ አለኝ። ይባረራሉ፣ እሷ መንገዷን ትሄዳለች፣ እሱ ተዋርዶ ወደ ቤቱ ይገባል፣ እኔ ይቅር እላለሁ ወይም አልልም፤ የእኔ ፈንታ ነው። ራሷን በሻሽ ሸፍና ስትዞር የሰነበተችውን በቀለችን ጠርቼ የቀረውን ግማሽ ጎነጎንኩላት። “ዛሬስ ምን አገኘሽ፣ ትስቂያለሽ?” አለችኝ።

በማግስቱ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳለች፣ ባለ ሦስት እግሯ ረክሻ በራችን ላይ ቆመች። ዘርይሁን ወረደ። በአንድ እጁ የራሱን ቦርሳ ይዟል፤ በሌላው የእሱ ያልሆነ ፌስታል አንጠልጥሏል። ከኋላው አንዲት ሴት ልጅ ወረደች። ጭራሽ ቤቴ ድረስ ይዟት መጣ! ሰፈሩ እስኪሰማ ልጮህ አፌን ከፈትኩ።

ከዚያ ልጅቷን አየኋት። ቀጭን፣ ገና ለጋ ናት። ጉንጯ ላይ የጣት ሰንበር አለ። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ጥቁር ነው፤ ያገኘችውን አጥልቃ እንደወጣች ያስታውቃል።

“ዘሙ፣ እንግዳ ይዤ መጣሁ፤ አስገቢን” አለ ዘርይሁን። ድምፁ ድምፁ አይመስልም።

“ግቡ” አልኩ። ከበሩ ዘወር አልኩላቸው።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ወዲያው አቀረቀረችና ገባች። ጓሮ ውኃ አሳየኋትና እስክትታጠብ ድረስ ዘርይሁንን ጥላው ውስጥ ይዤው ቆምኩ። “ተናገር” አልኩት።

“ትናንት አንዲት ሴት ሲት ነዋል ጋ ደውላ ልጅቷ አርግዛለች አለቻት። ያውም ከእኔ! ከገበያ ስመለስ ቤቱ ተቀውጦ ጠበቀኝ። ልጅቷ እግሯ ላይ ወድቃ ‘ከጋሽ ዘርይሁን አይደለም፣ ከሚልዮን ነው’ ትላለች። ሚልዮን እጮኛዋ ነው፤ ካርቱም ድረስ አብረው ነው የመጡት። እሱ በሊቢያ በኩል ልሻገር ብሎ ከሄደ ድምፁ ጠፍቷል። ማርገዟን እኔም የሰማሁት ትናንት ነው። ስልኬን ሳውሳት እናቷን ታናግርበታለች ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምን አውቄ።”

“ስልክህን?” አልኩ። ያ ሁሉ ጥያቄ የሷ ነበር።

“ሲት ነዋል ስልኳን ይዛባታለች ብዬሽ የለ?”

ብሎኛል። እኔ ሙሎኽያውን እንጂ እሱን አልሰማሁትም።

“ፖሊስ ልትጠራባት ነበር” አለ። “ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የላት፣ ባል የላት፣ ቀጥታ እስር ቤት ነበር። ስለምናት አድሬ ጠዋት ‘ውሰዳትና ከዓይኔ ጥፉ’ አለችኝ። የእኔም ሥራ በዚያው አለቀ።”

“አንተ ለምን? ያንተ እንዳልሆነ አመነች አይደል?”

“እሷን በር ላይ ጥያት ዐዙማ ልሠራ?”

ያን ጊዜም ቀናሁ። እግዚአብሔር ያያል፣ ያን ጊዜም ቀናሁ። ከገበያ ሁለት እጄ እስኪበጠስ ተሸክሜ ስመጣ አንድ ቀን ፌስታሌን ተቀብሎኝ አያውቅም፤ የሷን ግን ከአል-ጣኢፍ እስከ ሳጃና ተሸክሞላት መጣ። ቀናሁ፣ አፈርኩ፣ መልሼ ቀናሁ። ምድር ብትከፈት እገባ ነበር፤ ግን እየቀናሁ ነበር የምገባው።

“ምን ዓይነት ልብ ያላት ሴት ትሆን?” አለ ዘርይሁን። “ሰው በሰው ላይ እንዲህ ይጨክናል? ቆይ እስቲ፣ የባል ወረቀት አምጪ የማይል ሐኪም ልፈልግላት” ብሎ ስልኩን አወጣ።

“ተወው፣ እኔ እጠይቃለሁ” አልኩት። አልሰማኝም። “እርጉዝ” ብሎ ሲጽፍ ጣቱ ቆመ። ምን እንዳየ አውቄያለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። “እርጉዝ ነኝ ብላ ባል የቀማች ሴት።” ወደ ታች ወረደ። ሁሉንም አነበበው፤ የመማገጡን፣ የማባረሩን፣ አንድ በአንድ። ፊቱን ነው የማየው። ቢጮህ እጮኻለሁ፣ ቢመታኝ እመታዋለሁ፤ ለጠብ አላንስም። እሱ ግን አልጮኸም።

“ዘመናይ” አለኝ። ዘሙ አላለኝም። ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠው። “ይሄን አጥፊው። እኔ አልችልበትም። ልጅቷ እናቷን የምታናግረው በዚህ ስልክ ነው፣ እንዳታየው። ከማን ቤት እንደገባች አትወቅ።”

ይህን ብሎ ወደ በሩ ወጣና ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ።

ሁለቱንም ስልክ ይዤ ዮሳቤጥ ጋ በሩጫ ሄድኩ። “አጥፊልኝ” አልኳት። “ሁሉንም?” “ሁሉንም።” “ከሁለቱም?” “ከሁለቱም አልኩሽ! ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያሳየውንም ዝጊው። ለሱ የራሱን ኢሜይል ክፈቺለት። ደግሞ የማይመዘገብበት መስኮት አለ አይደል? የፈለጉትን ጠይቀው ሲዘጉት የሚጠፋ?” ጥቁሩን መስኮት ከፍታ አሳየችኝ። እሱንም ለልጅቷ የማሳያት ያህል ደጋግሜ ተማርኩት። ዮሳቤጥ ጨርሳ ስልኮቹን ስትመልስልኝ “እንኳን ደስ አለሽ፣ አሁን ሁለት ሰው ሆናችሁ” ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ስመለስ ናርዶስ ራሷን ታጥባ፣ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ውኃ እያንጠባጠበ ክፍሉ ጥግ ቁጭ ብላለች። ዘርይሁን አሁንም በር ላይ ነው። እጄ የሚያውቀው አንድ ሥራ ነው፤ ዱካዬን ስቤ “ነይ፣ ራስሽን ልሥራልሽ” አልኳት። መጥታ እግሮቼ መሐል ተቀመጠች። ስልኩን እጇ ላይ አኖርኩላት።

“እናትሽን ደውዪላት። ሌላም መጠየቅ የምትፈልጊው ካለ በዚህ ጥቁር መስኮት ጠይቂ፤ ስትዘጊው ይጠፋል። ማንም አያይብሽም።”

“እግዜር ይስጥልኝ እትዬ” አለች። ግን አልደወለችም።

ፀጉሯን መሐል ለመሐል ከፈልኩ። ፀጉሯ እንዴት ያለ ብዙ ነው! በዚያም ትንሽ ቀናሁ። ሰው እንደሚለው ልበል ብዬ፣ “ያቺን የደወለችዋን ሴት እግዜር የእጇን ይስጣት” አልኩ።

“አይርገሙ እትዬ” አለችኝ። ራሷን አላዞረችም። “ሲት ነዋል እጇን ሒና ተቀብታ ነበር። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ጋሽ ዘርይሁን ሥጋ ሊገዙ ወጥተው ነበር፣ እሳቸው አልሰሙም። ዐረቢኛዬ ትንሽ ቢሆንም፣ እኔ ሰምቻለሁ።”

እጄ ፀጉሯ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

“በር ላይ ‘ግቡ’ ሲሉ በድምፅዎ አወቅኩዎት” አለች።

“ታዲያ ለምን ገባሽ?” አልኳት።

“የት ልሂድ?” አለችኝ።